ጎድን ይቅር ባይ ነው፣ ሰረሰር ግን ቂመኛ

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰውዬ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አጋድሞ ደጄ ላይ ቆመ። ከሰል ሲጭን ጆንያው ትከሻው ላይ ወድቆበት ነው።

"እማማ አንጓች፣ አንዴ ይዳብሱኝ" አለኝ።

"ዘግቻለሁ።"

"ምኑን ነው የዘጉት? ሱቅ የለዎት!"

"እጄን።"

"እጅዎማ ይኸው አለ።"

"እጁስ አለ፣ ጆሮው ነው የጠፋ። በል ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስትሄድ ደግሞ አንገትህን እንዳታዞር፤ ቆንጆ ብታልፍም እንዳታዞር።"

እየሳቀ ሄደ። ሳቁም አንገቱን ያዘው መሰለኝ፣ አጥሩን ሳያልፍ "ወይኔ እማማ!" ሲል ሰማሁት።

እኔ እንግዲህ ሥራዋን ያቆመች ወጌሻ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ማስተዋል ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እሷ ደግሞ አፌን ልታሳምር ትሞክራለች። ቂጡን ስለተሰበረ አንድ ሰውዬ ሳወራ፣ "እማማ፣ ቂጥ ተብሎ አይጻፍም፣ መቀመጫ በይ" ትለኛለች። የሰውዬው መቀመጫማ ደህና ነው ልጀ፣ በርጩማው፣ ዱካው እቤቱ አለ፤ የተሰበረው ቂጡ ነው። ጻፊ።

ትውልዴ ዳንግላ አጠገብ ነው። ያገባሁት ሰውዬ አክስት ነበሩት፣ እትዬ የሺ የሚባሉ። ዳንግላ በገበያ ቀን ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ባዶ ጆንያ አንጥፈው የሚቀመጡ ወጌሻ እሳቸው ነበሩ። እጁ የወለቀ፣ ከበሬ የተጋጨ፣ ባሏ የደበደባት፣ ሁሉም እዚያ ጆንያ ላይ ነው። የሚከፍል ይከፍላል፣ የሌለው ድንች ወይ አንድ ቅል አሬራ ያመጣል፣ አሬራም የሌለው "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል።

እኔን ለምን እንደመረጡኝ ታውቃላችሁ? እጄ ብልህ ሆኖ አይደለም። ወሬኛ ስለሆንኩ ነው። የባሌ እህቶች ሁሉ ጨዋ ነበሩ፣ እኔ ግን አፌ አያርፍም። እትዬ የሺ አንድ ቀን በሠርግ ላይ ሴቱን ሁሉ ሳስቅ አይተው፣ "ይቺን ስጡኝ" አሉ። "ሰው ሲያመው ሥጋውን አጥንቱ ላይ ይቆልፍብሻል። ሲስቅ ይለቀዋል። ያኔ ነው አጥንቱን የምታገኚው።" እንዲህ ብለው ነው የወሰዱኝ። እኔ አስቃለሁ፣ እሳቸው ይስባሉ። ሰውዬው "ሃ ሃ" ብሎ ሳይጨርስ "ወይ!" ይላል፣ አለቀ፣ ገብቷል።

እትዬ የሺ ጥፍራቸውን በየጧቱ ይቆርጣሉ። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሳያሞቁ ሰው አይነኩም፤ "በብርድ እጅ የተነካ አጥንት ይሸሻል" ይላሉ። አዊኛም አማርኛም እኩል ነው የሚናገሩ፣ አጥንት ሲስቡ ግን የሚሳደቡት በአዊኛ ብቻ ነው። "ምነውሳ እትዬ፣ ለአማራውም በአዊኛ?" ስላቸው፣ "አማርኛ ለልመና ይሆናል፣ ለስድብ ግን ሳሳ ይላል" አሉኝ።

ደግሞ ሰው "ጎኔን" ብሎ ሲመጣ ጎኑን አያዩትም። መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነው። በጭራሮ ውስጥ እግሩን ጫር ያደርጉታል፤ ከሳበ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ካልሳበ እጃቸውን ያነሣሉ። "እግር ሳይሰማ ጀርባ አይነካም" ነው ሕጋቸው።

ያስተማሩኝ በበግ አጥንት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ሰው ሥጋውን ሲሻማ እኛ አንገቱንና ጀርባውን እናስቀር ነበር። ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ይመታዋል። ከዚያ ዓይኔን በሻሽ ያስሩኝና የተበታተነውን አጥንት ጭኔ ላይ ያፈሱልኛል። "በክር ሰክተሽ አምጪ፣ እንደ ነበረው።" የበግ አንገት ሰባት አንጓ ነው፣ የሰውም ሰባት ነው። ቀጭኔም ቢሆን ሰባት ነው ትላለች ማስተዋል፤ እኔ ቀጭኔ አሽቼ አላውቅም።

የላይኛው እንደ ቀለበት ነው፣ ራስ የሚቀመጥበት። ሁለተኛው ጥርስ አለው፤ ቀለበቱ በዚያች ጥርስ ላይ ይዞራል። እትዬ የሺ እንዲህ አሉኝ፦ "እሺ ስትይ የሚሠራው የላይኛው ነው። እምቢ ስትይ የሚዞረው ሁለተኛው ነው። አንቺ የላይኛው ዝጎብሻል።"

ከሰው ላይ ያስጀመሩኝ ጎድን ነው። "ጎድን ይቅር ባይ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጎድን ሲሰነጠቅ ብዙ አትነኪውም። መዳፍሽን ጠፍጣፋ አድርገሽ ታሳርፊና "ሳል እስቲ" ትያለሽ። ሲስል ከእጅሽ ሥር "ቀጭ" ካለ እሱ ነው። ከዚያ አጥብቀሽ ካሰርሽው ሰውዬው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱ አክታ ይቋጥራል። እንዲያው ቀና ብሎ ይተኛ፣ ሲስል ትራስ ይቀፍ፣ ሚስቱን አይቀፍ። ከላይ ያሉት ከፍርምባው ጋር የተያያዙ ናቸው፣ መጨረሻ ያሉት ሁለቱ ግን ጫፋቸው ተንሳፍፎ ነው ያለ፤ እነሱን ሲነኩት የማይስቅ ወንድ አላየሁም።

ወንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር አለቻቸው። ከአዳም ጎን አንድ አጥንት ወጥቶ ሔዋን ተሠርታለች፣ ስለዚህ የወንድ ጎድን አንድ ይጎድላል ብለው ያምናሉ። እኔም ሲተኙልኝ ጮክ ብዬ እቆጥርላቸዋለሁ፤ ግራውም አሥራ ሁለት፣ ቀኙም አሥራ ሁለት።

"የት ሄደ ታዲያ የጎደለው?" ይለኛል አንዱ።

"አልጎደለብህም። ሚስትህን ከራስህ ጎን ሳይሆን ከአባቷ ቤት ነው ያመጣሃት። መልሳት ቢሉህ ትመልሳታለህ።"

አናትን ያስተማሩኝ በሕፃን ነው። የአራስ ልጅ እርግብግቢት ላይ ጣቴን አሳርፈው፣ "ይሄ ገና ያልተሰፋ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሰፋል። የትልቅ ሰው ራስ ቅል ስፌቱ እዚህ፣ እዚህና እዚህ ነው" እያሉ በጣታቸው ያስዞሩኛል። በአናት ላይ ብዙ ሥራ አልነበረንም። የተመታ ሰው ከጆሮው ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ ወይ ሲያወራ ቆይቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ እትዬ የሺ ቶሎ ቃሬዛ ያሠሩና ወደ ሐኪም ያስጭኑታል። "ቅል ውስጥ እጅ አይገባም" ይላሉ፣ በቃ።

ሰረሰርን ግን መጨረሻ ላይ ነው የነገሩኝ። "ቂመኛ ነው። ዛሬ ብትበድይው ዛሬ አይነግርሽም" አሉኝ። ይሄን ከነገሩኝ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኛም ባሌ መሬት ደርሶት ወደ ጥርባ መጣን። ዳንግላ የነበረው ጆንያ ተጠቀለለና እኔ ለብቻዬ ወጌሻ ሆንኩ።

እዚህ አካባቢ ፈረስ ብዙ ነው። እናም የወደቀ ፈረሰኛ መሬት ላይ አይቆይም፤ ነውር ነው። ከቆየ ፈረሱም ይንቀዋል፣ ሰውም ስም ያወጣለታል። ስለዚህ አቧራው ሳይበርድ ሦስት አራት ሰው ሮጦ ብብቱን ይይዝና ኮርቻው ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ "ወደቀ" አይባልም። "ወረደና ወጣ" ነው የሚባል። አንዳንዱ እጁ ተሰብሮ እንኳ ኮርቻ ላይ ሆኖ ነው ወደ እኔ የሚመጣ፣ እየፎከረ።

አበጀንም እንዲያ ነው ያመጡት። አበጀ ጎረቤታችን ነው፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ጉግስ ሲጫወት ወድቆ፣ መልሰው አስቀምጠውት፣ በግራና በቀኝ ደግፈው እስከ ደጄ አመጡት። አውርዱት አልኩና ውስጥ እግሩን በጭራሮ ጫርኩት። አልሳበም። ሌላውን ጫርኩት። ምንም።

"አበጀ፣ ጣትህን አንቀሳቅስ እስቲ።"

"አንቀሳቅሻለሁ እኮ" አለኝ።

አላንቀሳቀሰም።

ከወገቡ ከፍ ብሎ አንዱ አንጓ ከተርታው ወጥቷል፤ በጣቴ እንደ ደረጃ ይታወቀኛል። እጄን አነሣሁ። ዘመዶቹ "ሳቢው፣ መልሺው" ብለው ለመኑኝ፣ ቆየት ብለው ሰደቡኝ። ሐኪም ቤትም ወሰዱት፣ ጠበልም ወሰዱት። ወገቡ አልተመለሰም። እኔም በየጊዜው እየሄድኩ እግሩ እንዳይደርቅ ቅቤ አሸዋለሁ፣ ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጠዋለሁ። ከዚህ ሌላ ያደረግሁለት ነገር የለም። የማደርገውም አልነበረኝም። ሥራዬ ያን ጊዜ ነው ልኩን ያሳየኝ።

አበጀ ተቀምጦ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራ ጀመር። አንድ ቀን እግሩን እያሸሁት፣

"አንጓች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለኝ።

"ንገረኝ፣ ሐሜት ከሆነ ጠጋ ልበል።"

"መሬት ላይ ሳለሁ እኮ እግሬ ነበረኝ። ተረከዜን ድንጋይ ሲቆረቁረኝ አውቄዋለሁ። ኮርቻው ላይ ሲያስቀምጡኝ ነው የሄደ።"

ማሸቴን ትቼ "ለማን ነገርክ?" ብለው፣ "ለማንም። ያነሡኝ ወንድሞቼ ናቸው፣ ምን ብዬ?" አለኝ። ኋላ በሳንባ ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው። ቅርጫቱ ዛሬም ገበያ ላይ ይታወቃል።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ማስተዋል እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አጥብቃ ይዛለች፤ አባቷ ነው።

ፈንታሁን ልጄ ፈረሰኛ ነው። ዳማ ፈረስ አለው፣ ከሚስቱ ይልቅ ለፈረሱ ነው ቅቤ የሚቀባ። አምና ጥር ላይ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ሜዳው ጢም ብሏል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ የሰው ሚስት እያማሁ ነበር። ፈንታሁን ሽምጥ ሲጋልብ ዳማው በፊት እግሩ ተደነቀፈና ልጄ በጀርባው ወረደ። ድምፁን ሰማሁት። ሌላው ሰው ጩኸቱን ነው የሰማ፤ እኔ የሰማሁት የጀርባውን ድምፅ ነው።

ሩጫዬን ባያችሁ! ነጠላዬ ወደቀ፣ ጫማዬ ቀረ። ስደርስ ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘውታል።

"ልቀቁት!"

"እማማ፣ ደህና ነው፣ ልናስቀምጠው ነው።"

"ልቀቁት አልኩ! እጃችሁን ነው የምነክስ!"

ለቀቁት። እግሩን አየሁ፤ ያንቀሳቅሳል። እጄን ከጀርባው ሥር ቀስ ብዬ አሾልኬ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ሄድኩበት። አንጓ በአንጓ ነው፣ ተርታው ተርታ ነው። የወጣ የለም፣ የገባ የለም። ጣቴ "ደህና ነው" አለኝ።

የፈረሰኞቹ አለቃ ልንገረው ከፈረሱ ሳይወርድ ከላዬ ቆመ።

"እማማ አንጓች፣ እርስዎ ዳብሰው ምን አገኙ?"

"ምንም አላገኘሁም።"

"ታዲያ!"

"ታዲያ አይነሣም።"

"ኧረ የሰው ያለህ! ወጌሻዋ ራሳቸው ደህና ነው እያሉ? ልጁን በጉልምስናው ሊያዋርዱት ነው?"

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ "የፈረሰኛ እናት ናቸው ወይስ የሬሳ ጠባቂ?" አለ። ሰው ሳቀ።

እኔም መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና የልጄን ራስ በሁለት ጉልበቴ መሃል ያዝኩት።

"እማ፣ አንሽኝ" አለ ፈንታሁን፣ በጥርሱ። "ሰው እያየኝ ነው።"

"ይይህ። ዓይናቸው አያልቅም።"

"እማ፣ እግሬ እኮ ደህና ነው! ልቀቂኝ!"

"ከዚህ ቦታ አንዴ ወጥተሃል። ሁለተኛ የምትወጣው እኔ ስፈቅድ ነው።"

(ማስተዋል ይሄን አልጽፍም ብላ ነበር። ጻፊ።)

የሳቀውም ያልሳቀውም መጠጋት ጀመረ። ሊነጥቁኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሁለት ሆኖ ነበር። እጄ ደህና ነው ይለኛል። እጄን ያመንኩ እንደሆነ ልጄ በክብር ፈረሱ ላይ ይወጣል። አበጀን ያመንኩ እንደሆነ ልጄ በእኔ እጅ የመንደር መሳቂያ ይሆናል፣ ኋላም ምንም አልሆነም ቢባል ዕድሜ ልኩን ይቅር አይለኝም።

ቀና አልኩና ለልንገረው ነገርኩት። "አበጀም እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ኮርቻው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ። ራሱ ነው የነገረኝ።"

ልንገረው ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ አበጀን በግራ ብብቱ ካነሡት አንዱ እሱ ነው። ፈረሱ ላይ እንዳለ ልጓሙን ሲያጠብቅ ሲያላላ አየሁት። ከዚያ ወረደ። ወደ ሰዉ ዞሮ፣

"የሚነካው ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!" አለ። "በር አምጡ!"

ከቅርቡ ቤት የቀርከሃ በር ነቅለው አመጡ። በጎኑ አዞርነው፤ እኔ ራሱን፣ ልንገረው ትከሻውን፣ ሌሎቹ ዳሌና እግሩን፣ "በሉ" ስል ሁላችን እኩል፣ እንደ አንድ ግንድ። በሩን ከሥሩ አስገባንና መለስነው። ነጠላ ጠቅልዬ በጆሮ ግንዱ ግራና ቀኝ አደረግሁ፣ በመቀነቴ ግንባሩን ከበሩ ጋር አሰርኩት። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አመመኝ ብሎ አይደለም፣ ሰው እንዳያይ ነው።

በሚኒባስ ቆሰበር ገባን፣ ሆስፒታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ራጅ አስነሣው፣ ተመልሶ መጥቶ "እማማ፣ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ባሕር ዳር መሄድ አለበት፣ ግን ነርቩ አልተነካም" አለኝ።

"እስቲ ልየው።"

ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በጨለማ ስዳብስ የኖርኩት ሁሉ ነጭ ሆኖ ቆሟል! ጎድኑ እንደ ቅርጫት ዞሮ፣ ሰረሰሩ እንደ ተሰካ ዶቃ ወርዶ። ልጄ ከነአጥንቱ ቆንጆ ነው።

"የቱ ነው የተሰነጠቀ? ቆይ አትንገረኝ፣ እኔ ላግኘው" አልኩና ጣቴን አንዱ ላይ አደረግሁ።

"ትንሽ ዝቅ ይበሉ።"

ዝቅ አልኩ።

"ትንሽ ደግሞ።" ከዚያ ጣቴን በጣቱ ይዞ ወሰደኝ። ወገቡ መጀመሪያ ላይ፣ የፊት ጎኑ እንደ ተረገጠ ሣጥን ዝቅ ያለ አንጓ። እዚያች አንጓ ላይ በጣቴ አልፌያለሁ። ደህና ነሽ ብያት ነው ያለፍኩ።

"ይሄ በእጅ አይገኝም እማማ። እኔም በእጄ አላገኘሁትም" አለኝ።

ደግ ልጅ ነው። ግን የጥንቱ እጄ ያገኘው ነበር? ወይስ ድሮም ስንቱን እንዲሁ ደህና ነህ ብዬ ሰድጄዋለሁ? ይሄን የሚነግረኝ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የዘጋሁ።

ፈንታሁን ባሕር ዳር ብረት ገብቶለት ተመለሰ፣ ከደረቱ እስከ ዳሌው ቀበቶ ታጥቆ። ሐኪሞቹ "ይቁም፣ ይራመድ፣ ካልቆመ እግሩ ይሰልላል" ብለው ላኩት። እሱ ግን አልቆመም። ያን ቀን አንዱ በስልክ ፎቶ አንሥቶት ኖሯል፤ በር ላይ ተጋድሞ በእናቱ መቀነት ግንባሩ ታስሮ። ኔትወርክ በደረሰበት ሁሉ ደረሰ። ልጆች "ባለበሩ" አሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሚስቱ ትለምነዋለች፣ እምቢ። ማስተዋል ታለቅሳለች፣ እምቢ። ልንገረው መጥቶ ፈረስህ ናፍቆሃል አለው፣ ፊቱን አልመለሰም። እኔ በየቀኑ ባቱን እለካዋለሁ በእጄ። እጄ ሌላው ቢጠፋበት ይሄ አይጠፋውም፤ ባቱ እየቀጠነ ነው። ያንን ሁሉ ሰው ተጣልቼ ያተረፍኩት እግር አልጋ ላይ ሊያልቅብኝ ነው።

አንድ ጧት ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ ደገፍነው፣ ለቁርስ። ሚስቱና ማስተዋል ወጡ። እኔም፣

"ባለበሩ፣ እንዴት አደርክ?" አልኩት።

ዓይኑ ቀላ። "አንቺም?"

"እኔማ የበሩ ባለቤት ነኝ።"

"አዋረድሽኝ!" አለ። በወራት መሃል ድምፁ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ነው። "እንደ ሬሳ አስጭነሽ! በመቀነት አስረሽ! በአገር ፊት..."

"ዝም በል!" አልኩት፣ የበለጠ ጮኼ። "የት አገር ነው ሰው ተቀምጦ እናቱን የሚሰድብ? እንዲህ ነው ያሳደግሁህ? ልትሰድበኝ ከሆነ ቆመህ ስደበኝ!"

ተነሣ። ንዴቱ ነው ያነሣው፣ እሱ አላወቀም። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ነበር። "ያን ቀን ብሞት ይሻለኝ ነበር!" አለ፣ "አንቺ ግን..." ብሎ ጣቱን ሊቀስርብኝ ፈለገና ግድግዳውን ለቀቀ።

ሚስቱና ማስተዋል ድምፅ ሰምተው ሮጠው መጡ። ከጀርባዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ በሩ ላይ ቆሙ።

እኔ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ፣ አቀርቅሬ ስድቤን ተቀበልኩ። ረጅም ስድብ ነው፣ አባቱን ነው የመሰለ። ያልሰደበኝ ነገር የለም። ድምፁ ከላይ ነበር የሚመጣ።